ካርታውን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት

ባለፈው ጥር እንጅባራ ነበርኩ። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ቀን ነው፤ ለእኛ ለዳንግላ ልጆችም ቀኑ ቀላል አይደለም። ፈረሶቹ አጊጠው ሜዳውን ሞልተውታል። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ሜዳው ያያል። የእህቴ ልጅ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

"ምን ተገኘ?" አልኩት።

"ቪዲዮ ነው ጋሼ። የአረቦቹን አገር ሁለት ሰዎች ናቸው አሉ በማስመሪያ የከፋፈሉት። አንዱ እንግሊዝ፣ አንዱ ፈረንሳይ። ቱርክ ስትወድቅ ቁጭ ብለው ካርታ ላይ አሰመሩ። ይገርማል እኮ!" ከዚያ ቀና ብሎ ፈረሶቹን አየና ጨመረ፤ "እኛን ግን ማንም አላሰመረንም። ቅኝ አልተገዛንማ!"

መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። የፈረሱ ኮቴና የሰው እልልታ አላስወራንም። ደግሞም እኔ ራሴ በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበር የማስበው። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ስልኩ ላይ ካርታ ለሚያይ ወጣት ሁሉ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በፈረንጆቹ ስጽፍ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ እንዳትደናገሩ።

መጀመሪያ ቪዲዮው ምን ያህል እውነት እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1916፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ የእንግሊዙ ማርክ ሳይክስና የፈረንሳዩ ፍራንሷ ዦርዥ ፒኮ ገና ያልወደቀውን የኦቶማን ቱርክ ግዛት በምሥጢር ለአገሮቻቸው አከፋፈሉ። ይህ እውነት ነው። ዛሬ የምናየው የኢራቅ፣ የሶሪያና የዮርዳኖስ ድንበር ግን የሁለቱ ሰዎች መስመር ቅጂ አይደለም። ከዚያ በኋላ በብዙ ጉባኤ፣ በብዙ ጦርነትና በብዙ ድርድር ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ ኮሚሽን ወደ ሶሪያና ፍልስጤም ልኮ ነበር። ኮሚሽኑ ጠየቀ፣ ሪፖርቱንም ጻፈ። ሪፖርቱ ግን ተቀምጦ ቆይቶ ለሕዝብ የወጣው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ የተባለውን መስማት ሌላ።

በዚያው በ1922 መጨረሻ፣ በአረቢያ የባሕር ዳርቻ ዑቀይር በምትባል ቦታ ሌላ ስብሰባ ተደረገ። ስብሰባውን የመሩት በባግዳድ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሰር ፐርሲ ኮክስ ናቸው። ጉዳዩ በኢራቅ፣ በኩዌትና በኢብን ሳዑድ ግዛት መካከል ድንበር ማበጀት ነበር። በቦታው የነበረው ሃሮልድ ዲክሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሹም በኋላ እንደጻፈው፣ ክርክሩ አላልቅ ሲል ኮክስ ቀይ እርሳስ አንስተው ካርታው ላይ አሰመሩት። የኩዌቱ ገዢ እዚያ አልነበሩም። ስለ ኩዌት የተናገረው ኩዌት የተቀመጠው የእንግሊዝ ተወካይ ነበር። ኩዌት "የኔ ነው" ትለው ከነበረው መሬት ብዙው በዚያ እርሳስ ሄደ።

"ታዲያ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ።

አያቴ በሕይወት ሳለ "እዚህ ዳንግላ እኮ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር" ይል ነበር። ልጅ ነበርኩና ተረት መስሎኝ አለፍኩት። እንግሊዝ ዳንግላ ምን ሊያደርግ? ካደግሁ በኋላ ነው አያቴ እውነቱን እንደነበር ያወቅሁት። ሮበርት ቺዝማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ መቀመጫውም ዳንግላ። ወፍ የሚያጠና፣ ካርታ ላይ ያልሰፈረ ቦታ ሲያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ነበር። የአባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ እየዞረ ካርታ አነሳ፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ።

ይህ ሰው ዳንግላ ከመምጣቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር? ባግዳድ ላይ የሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ነበር። አዎ፣ የባለ ቀይ እርሳሱ ሰውዬ!

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ "ይገርማል" ያለው የሩቅ ታሪክ በአንድ ሰው በኩል እናታችን ጎመንና ድንች ወደምትገዛበት ከተማ ይገባል። ሰውየውን ግን ልክሰሰው አልፈልግም። ቺዝማን ድንበር አላሰመረብንም። የወንዛችንን መንገድ በማጥናቱም ብዙ ዕውቀት ትቷል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የዚያ ዘመን ኃያል መንግሥት ገበያ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር በሌላት ትንሽ የአገው ከተማ ለምን ቆንስል አስቀመጠ?

መልሱ ያለው ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በተፈረመ ወረቀት ላይ ነው።

በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዝና ግብፅ የሱዳኑን የማህዲስቶች መንግሥት ኦምዱርማን ላይ አፈረሱት። አንድ መንግሥት ሲወድቅ ቀጥሎ የሚመጣው ካርታ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል ተፈራረሙ። በውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር አባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። የዳንግላው ቆንስላ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ጣና ቅርብ ነው። ለእንግሊዝ የግብፅና የሱዳን ጥጥ ማለት ውኃ ነው፤ ውኃ ማለት ደግሞ አባይ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሜጀር ቻርልስ ግዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን መሬት ላይ ወርዶ ድንበሩን ምልክት አደረገበት። ኢትዮጵያውያን ተወካዮች አብረውት አልነበሩም። በ1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በደብዳቤ ልውውጥ ያንን የግዊን መስመር መነሻ አድርገው ሊሠሩ ተስማሙ፤ መሬት ላይ ግን ጉዳዩ ሳይቋጭ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር አል ፋሽጋ የሚባለውን ለም መሬት ሲይዝና የእኛ ገበሬዎች ሲፈናቀሉ በየስልካችን የተሰደበው የዛሬ ፖለቲከኛ ሁሉ ነው። የግዊንን ስም ስንቶቻችን ሰምተን ነበር?

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት መነገር አለበት። በ1894 እኛ ሜዳ ላይ የተሰመረብን ምስኪኖች ብቻ አልነበርንም። ምኒልክ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ማኅተማቸውም ውሉ ላይ ነው። ከአድዋ በኋላ ስለሆነ እንግሊዝ እንደ ሌላው አፍሪካ ዝም ብላ ማስመር አልቻለችም፤ መደራደር ነበረባት። ይህ የአባቶቻችን ክብር ነው። ነገር ግን መስመሩ የሚያልፍበት የጉሙዝ ወይም የበርታ መንደር ሽማግሌ በሁለቱም ወገን አልተጠየቀም። ለእሱ አዲስ አበባም ለንደንም እኩል ሩቅ ነበሩ።

አሁን ወደ አንድ ደስ የሚል ታሪክ ልውሰዳችሁ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ በሦስትዮሽ ተስማምተው ነበር፤ ምኒልክ በጤና እየደከሙ ነበርና፣ ነገ አገሪቱ ብትናጋ ማን የቱን ጥቅም እንደሚያስጠብቅ ከወዲሁ ለየት ለየት አደረጉ። ከዚያ በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም.፣ ቺዝማን ዳንግላ በተሾመበት ሰሞን ማለት ነው፣ እንግሊዝና ጣሊያን እንደገና ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ትደግፋታለች፤ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር በእኛ መሬት ላይ እንድትዘረጋ እንግሊዝ ትደግፋታለች። ባለቤቱ አልተጠየቀም።

ራስ ተፈሪ ግን ወረቀቱን አነበቡት። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች፤ አቤቱታቸውን ጄኔቫ ላኩ። የማኅበሩ አባል የሆነች አገር ሳትጠየቅ በጀርባዋ እንዴት ይህ ይደረጋል አሉ። ሁለቱ ኃያላን አፈሩ፤ ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ወደ ማለት ተመለሱ። ጣና ላይ የእንግሊዝ ግድብ አልተሠራም። ጥይት አልተተኮሰም። በጊዜ የተነበበ ወረቀት፣ በጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ ነው ያስቆመው። የጽሑፌን ጠቅላላ ሐሳብ በአንድ ታሪክ አስቀምጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የማስቀምጠው።

እርግጥ ነው ወረቀት ሁልጊዜ አያድንም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሙሶሊኒ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን መጣ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ካርታ መቁረጥ ነው። ትግራይን ከኤርትራ ጋር፣ ኦጋዴንን ከሶማሊያ ጋር ቀጠለ፤ ጎጃምን መቀመጫው ጎንደር በሆነ ግዛት ውስጥ ከተተው። ያ ካርታ አምስት ዓመት ነው የኖረው። ጎጃም ውስጥ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ እንቅልፍ ነሱት። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከእንግሊዙ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ጦር ጋር በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። የካቲት ላይ ጣሊያኖች ዳንግላንም እንጅባራንም ለቀው ሄዱ። የሙሶሊኒ "ኢምፓየር" ሲፈርስ አንዱ የፈረሰበት ቦታ የእኛ ሰፈር ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ደንቡን አስታውሱ፤ መንግሥት ሲወድቅ ካርታ ይመጣል። ሊረዳን የመጣው ሠራዊት አለቆችም ኪሳቸው ውስጥ እርሳስ ነበራቸው።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ስምምነት ተፈራረሙ። ልብ በሉ፤ ጥር 23። ፈረሶቻችን የሚያጌጡበት ቀን። በስምምነቱ እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነፃ አገር መሆኗን ተቀበለች። ግን ኦጋዴንን አልለቀቀችም፤ በፈረንሳይ ሶማሌላንድ አዋሳኝ ያለውንም መሬት "የተከለለ" ብላ ያዘች። በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆንም ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1946 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን ሶማሌ የሚኖርበትን መሬት ሁሉ፣ የእኛን ኦጋዴን ጨምሮ፣ በአንድ ሞግዚት አስተዳደር ሥር ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ። አልተሳካም። ኦጋዴን እ.ኤ.አ. በ1948፣ ሐውድ የሚባለው የግጦሽ መሬትና የቀረው ደግሞ በ1947 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ተመለሰ። ከድል በኋላ አሥራ አራት ዓመት ማለት ነው።

እኛ "ተመለሰ" እንላለን። ነገር ግን በሐውድ ግመላቸውን የሚያሰማሩ ሶማሌዎች ያን ጊዜ "ሳንጠየቅ ተሰጠን" ብለው ተወካይ መርጠው ለንደን ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። አንዱ ድል ያለው ለሌላው ስብራት ሊሆን እንደሚችል ካልገባን ካርታ ማንበብ አልጀመርንም።

ኤርትራም እንደዚያው። ጣሊያን ስትወድቅ አራቱ ኃያላን መስማማት አቅቷቸው ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት ሰጡት። ድርጅቱ ከአምስት አገሮች የተውጣጣ ኮሚሽን ልኮ ሰው አነጋገረ፤ ኮሚሽኑ ራሱ በሐሳብ ተከፋፈለ። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። በኅዳር 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ተወሰነ፤ በ1945 ተግባራዊ ሆነ። በ1955 ፌዴሬሽኑን ያፈረሰው ግን ባዕድ አይደለም፤ የእኛው መንግሥት ነው። ከዚያ የመጣውን የሠላሳ ዓመት ጦርነት ታውቁታላችሁ። የኤርትራ ሕዝብ በቀጥታ በድምፅ የተጠየቀው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ።

አሁን ወደ ባድመ። በ1990 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ተዋጉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ሞተ። ምናልባት ከእናንተ የአንዱ አባት ወይም አጎት እዚያ ነበር። አልጀርስ ላይ ታረቁና ጉዳዩ ሄግ ላለ የድንበር ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽኑ ምን አደረገ? ሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔ የሰጠው የምኒልክ ዘመን ሦስት ውሎችን ዘርግቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902ና የ1908። ጠበቆች ሄግ ላይ ቁጭ ብለው ውሉ "ማይተብ" የሚለው ወንዝ የቱ ነው ብለው ተከራከሩ። የ1902ቱ በእኛ አቆጣጠር 1894 ነው። ከ1894 እስከ 1994፣ ድፍን መቶ ዓመት። በ1918 በጊዜ የተነበበው ወረቀት ጄኔቫ ላይ በደብዳቤ ቆመ፤ በጊዜው በደንብ ያልተነበበውና መሬት ላይ ያልተጨረሰው ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ በወጣት ደም ተነበበ።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱን ይመርጣል። በየኮሜንቱ አያቸዋለሁ።

አንደኛው "ሁሉም የነጭ ሥራ ነው" የሚለው ነው። ደስ ይላል፣ ያሳርፋል። ግን ፌዴሬሽኑን ማን አፈረሰ? ባድመ ላይ እልህ ውስጥ የገቡት እነማን ናቸው? እርሳሱ የባዕድ ቢሆንም መስመሩ ላይ ወንድሙን የሚገድለው ባዕድ አይደለም። ጥፋቱን በሙሉ ለውጭ ሰው ስንሰጥ፣ ለማስተካከል የሚያስፈልገውን ጉልበትም አብረን እየሰጠነው ነው።

ሁለተኛው "ቅዳደው፣ እንደገና እናስምር" የሚለው ነው። ይሄኛው ያስፈራኛል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ ተሰብስበው ከቅኝ ግዛት የወረስነውን ድንበር እናከብራለን ያሉት መስመሩ ፍትሐዊ ስለመሰላቸው አይደለም። አንዱ ከተነካ ሁሉም እንደሚነካ ስለገባቸው ነው። ሱማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም፤ ዚያድ ባሬ በ1969 ዓ.ም. "እኔ አስተካክለዋለሁ" ብሎ ኦጋዴን ገባ፤ የሆነውን ከወላጆቻችሁ ጠይቁ። ደቡብ ሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝቧ ተጠይቆ፣ በድምፁ ነው አገር የሆነችው። ትክክለኛው መንገድ ነበር። ሆኖም ሦስት ዓመት ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች። መስመር ብቻውን ሰላም አያመጣም ማለት ነው። መስመሩ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት ይኖራል የሚለው ይበልጣል።

እስካሁን ስለ ባዕድ እርሳስ አወራሁ። አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ።

ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በቻግኒ አድርጎ፣ ግልገል በለስን አልፎ፣ ጉባ ሕዳሴ ግድብ ያደርሳል። ያ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የ1894ቱን ሦስተኛ አንቀጽና የዳንግላውን ቆንስል አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ ኩራት ተሰማኝ። ግን በዚያው መንገድ ላይ ከአዊ ወደ መተከል ስትሻገሩ የምታልፉት መስመር አለ። እሱን እንግሊዝ አላሰመረውም። መተከል ለብዙ ዘመን በጎጃም ሥር ነበር። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት ክልሎችን በአዋጅ ሲያዋቅር በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሥር ሆነ። አሁንም አንድ መንግሥት ወድቆ ነበር፤ አሁንም ካርታ መጣ። ልዩነቱ እርሳሱ የእኛው ሰው እጅ ላይ መሆኑ ነው።

መስመሩ የቱ ጋ መሆን ነበረበት ብዬ እዚህ አልፈርድም። በዚያ ምድር ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አብረው ይኖራሉ፤ ጉሙዙ በጎጃም ባላባቶች ዘመን ስላየው መከራ የሚናገረው ታሪክ አለው፤ መስማት አለብን። እኔ የማውቀው በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ነፍሳቸውን ይዘው ቻግኒ የገቡትን ሰዎች ነው። አንዲት እናት "እኔ ቤቴ ነው ያልኩት፣ ካርታ ላይ የማን እንደሆነ ማን ጠየቀኝ?" ስትል ሰምቻታለሁ። ይህ ጥያቄ የኩዌቱ ገዢም፣ የሐውድ ግመል ጠባቂም፣ ግዊን ባለፈበት መንደር የነበረ ሽማግሌም ጥያቄ ነው።

የሚገርመው ሕጋችን ጥያቄዋን ያውቀዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 46 ክልል የሚዋቀረው በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ መሠረት ነው ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ድገሟት፤ ፈቃድ። በአንቀጽ 48 ደግሞ ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ ይወስናል ይላል። ቃሉ ወረቀቱ ላይ አለ። እኛ ግን በብሔር ቀለም ቀብተን በየግሩፑ የምንበትነው ካርታ ላይ ሦስቱን እንወስዳለን፤ ፈቃድን እንዘላለን። ቀለም ለመቀባት ሰው መጠየቅ አያስፈልግማ!

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ድንበር ፍትሐዊ የሚሆነው ያሰመረው ሰው የእኛ ስለሆነ አይደለም፤ ፍትሕ የሚያጣውም ያሰመረው ባዕድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚኖርበት ሰው ተጠይቋል ወይ? የተናገረውስ ተሰምቷል ወይ? ፈረንጅ ሳይጠይቀን ሲያሰምር ግፍ ከሆነ፣ እኛ ጎረቤታችንን ሳንጠይቅ ስናሰምር ስሙ ምንድን ነው?

ከእናንተ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ነገ ስልካችሁ ላይ አንድ ካርታ ይመጣል፤ "እውነተኛው የኢትዮጵያ ካርታ"፣ "የተደበቀው ካርታ"፣ "ይህን ሳያጠፉት ሼር አድርጉ" የሚል። ጣታችሁ ሼር የሚለው ላይ ከመድረሱ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ማን ሠራው? መቼና በምን ሰነድ ላይ ተመሥርቶ? እዚያ የሚኖረው ሰው ተጠይቋል? ሦስቱን ካልመለሰላችሁ ካርታ አይደለም፤ ክብሪት ነው። ደግሞ የ1894ቱ ውል ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔም አለ፤ ሕገ መንግሥቱም ስልካችሁ ላይ ይጫናል። አባቶቻችን ጄኔቫ ለመላክ መርከብ ይጠብቁ የነበረውን ወረቀት እናንተ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታነቡታላችሁ። ይህን ዕድል ማባከን ነውር ነው።

የዚያን ዕለት በዓሉ ካለቀ በኋላ እኔና የእህቴ ልጅ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥን። ስለ ቺዝማን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ታዲያ ጋሼ፣ ቤቱ የት ጋ ነበር?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። "የሰፈር ሽማግሌዎች ያውቁ ይሆናል፤ ነገ ሄደን እንጠይቃቸዋ" አለ።

መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው። ደስ አለኝ።

ቸር እንሰንብት።